የግራው ዘንግ ለምን ረዘመ?

በዚህ ዓምድ እንደ ልማዳችን አንድ የአማርኛ አነጋገር እንይዝና ከኑሮ በተገኘ ነገር እንፈታዋለን። የዛሬው አነጋገር «ግራ ገባኝ» የሚለው ነው። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ይህን ቃል በየቀኑ ትሰሙታላችሁ፤ ነገሩ ተምታታብኝ፥ መያዣ መጨበጫው ጠፋኝ ማለት ነው። እኔም አማርኛን በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ትግርኛ ተናጋሪ ስለ ሆንሁ፥ ግራ እጅ እንዴት አድርጎ ወደ ሰው ሐሳብ እንደሚገባ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ትርጕሙ በሙሉ የተገለጠልኝ ግን በመጽሐፍ አይደለም። ለመንግሥት ሥራ በሰነበትሁባት በካምፓላ ከተማ፥ ኪኩቦ በሚባለው የገበያ መተላለፊያ፥ በአንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ምክንያት ነው።

ኪኩቦን ላላየ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ቃሉ በሉጋንዳ ቋንቋ ጠባብ መተላለፊያ ማለት ነው። ስፍራው በናኪቩቦ አካባቢ፥ የታክሲዎቹ መናኸሪያ አጠገብ ይገኛል። ከግራና ከቀኝ የጅምላ መደብሮች ተደርድረዋል፤ ሳሙና በካርቶን፥ ስኳርና ጨው በኩንታል፥ ዘይት በጀሪካን፥ የተማሪ ደብተር በእስር ይሸጥባቸዋል። ከደቡብ ሱዳን፥ ከሩዋንዳና ከኮንጎ ሳይቀር ነጋዴዎች እየመጡ ይሸምታሉ። ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ሲጮኹ መንገድ ያልለቀቀ ሰው ወዮለት። የእኛን መርካቶ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢደርስ ባይተዋርነት አይሰማውም።

አንድ ቀን ከአንድ ሽማግሌ የአገር ልጅ መልእክት ደረሰኝ። ሽማግሌው በአሥመራ ተወልደው፥ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ከአንድ ኢጣልያዊ የአውቶሞቢል አካል ሠሪ ዘንድ ተቀጥረው ሙያ የተማሩ ናቸው። በጦርነቱ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥተው ካምፓላ ከገቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ብረት ቀጥቃጮችና በያጆች በሚበዙበት በካትዌ ሠፈር ትንሽ ወርክሾፕ አላቸው። እኔ «አቦይ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «ወደይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። መልእክታቸው አጭር ነበር፤ «ሌባ ተብያለሁ፤ ና አስታርቀኝ» የሚል ነው።

ከሳሹ የኪኩቦ ነጋዴ ነው። ከሟች አባቱ የወረሳት አንዲት ላንቺያ ፍላሚኒያ ጂቲ አለችው። ይህች አውቶሞቢል ከ1959 ጀምሮ በሚላኖ ከተማ ቱሪንግ የተባለው ድርጅት አካሏን የሠራላት የስፖርት መኪና ናት (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባትየው በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ ልጁን አስቀምጦ ይነዳት ነበርና፥ ነጋዴው መኪናዪቱን የሚያያት እንደ ንብረት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ወደ ቀድሞ መልኳ እንዲመልሱለት ለሽማግሌው ሰጣቸው። እርሳቸውም ሥራውን ሲጀምሩ የሚያብረቀርቁትን የጌጥ ክፍሎች አንድ በአንድ ነቅለው፥ በጆንያ ጠቅልለው፥ በእርሱ መጋዘን እንዲጠበቁ ላኩለት።

ጠቡ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ነጋዴው ለአባቱ መታሰቢያ ምንም እንዳይጐድል በማሰብ፥ የፊት መስተዋቱን ዙሪያ የሚያቅፉትን ሁለት የጌጥ ዘንጎች በአዲስ ተሠርተው ከውጭ አገር አስመጣ። አንዱ ለግራ፥ አንዱ ለቀኝ ነው። ሁለቱ መካከል ላይ ሲገናኙ መጋጠሚያቸውን አንዲት ትንሽ ክዳን ትሸፍነዋለች። አዲሶቹ ዘንጎች እንደ መንታ እኩል ናቸው። አሮጌዎቹን ከጆንያ አውጥቶ ሲያስተያይ ግን የግራው ከቀኙ በ11 ሚሊሜትር ረዝሞ አገኘው። ገልብጦም ቢያይ በግራው ዘንግ ጀርባ ኤስ፥ በቀኙ ዘንግ ጀርባ ዲ የሚሉ የላቲን ፊደላት ከቍጥር ጋራ ተጭረዋል።

በካምፓላ የመለዋወጫ ገበያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ቀመስ ነው። ነጋዴው «ኤስ ማለት ስፔር፥ ዲ ማለት ዱፕሊኬት ነው» ብሎ ደመደመ። ዱፕሊኬት በዚያ ገበያ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ማለት ሲሆን፥ በእኛ መርካቶ ሶማሌ ተራ «ታይዋን ነው» እንደሚባለው ያለ ነው። እንግዲህ በነጋዴው አስተሳሰብ ሽማግሌው እውነተኞቹን ዘንጎች ሸጠው፥ ከሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ የለቃቀሙትን ሰጥተውታል ማለት ነው። እውነተኛዎቹንም የት ሸጧቸው? የአውቶሞቢል መለዋወጫ በሚሸጥበት በኪሴካ ገበያ መሆን አለበት፤ ከኪኩቦ እስከዚያ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነውና።

እኔም ተጠርቼ ሄድሁና በሳሙና ካርቶኖች መካከል በተዘረጋችልኝ ወንበር ተቀመጥሁ። ነጋዴው ሻይ አስቀረበልኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ሽማግሌውንም ሌባ ካላቸው በኋላ እንኳ «ሙዜ» ብሎ በአክብሮት ከመጥራት አላቋረጠም። ሁለቱን ዘንጎች በጠረጴዛው ላይ አጋደመልኝ፤ በሜትር ለካሁ፤ የተባለው እውነት ነው። የዕቃ ዝርዝር መጽሐፉን ገለጠልኝ፤ ግራና ቀኙ በአንድ ልክ ተሥለዋል። ፊደላቱንም አየሁ። በእንግሊዝኛ ስንነጋገር ስለ ነበር በእንግሊዝኛ አነበብኋቸው።

ነገሩ ግራ ገባኝ። ሽማግሌውን ባውቃቸውም፥ ዓይኔ ያየውንና ወረቀቱ የሚለውን መካድ አልሆነልኝም። ስለዚህ እንደ ቢሮ ሰው አሰብሁና አንድ መካከለኛ መንገድ ፈለግሁ። ነጋዴው ለፖሊስ ከማመልከት እንዲታቀብ፥ ሽማግሌውም ለሰላም ሲሉ የአዲሶቹን ዘንጎች ዋጋ እኩሌታ እንዲከፍሉ የሚል የዕርቅ ወረቀት አረቀቅሁ። ወረቀቱ ያማረ ነበር፤ ቀን አለው፥ ተራ ቍጥር አለው፥ የፊርማ ስፍራም አለው። ይህን ይዤ ወደ ካትዌ ወረድሁ።

አቦይ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ሳነብላቸው በእጃቸው የያዙትን ሞረድ እንኳ አላስቀመጡም። ስጨርስ ቀና ብለው አዩኝና «ግማሽ ሌባ አለ እንዴ፥ ወደይ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ብሰርቅ ሙሉውን ልክፈል፥ ካልሰረቅሁ ምንም አልከፍልም ማለታቸው ነው። እኔ ግን ሁለቱን ወገኖች ደስ አሰኛለሁ ብዬ፥ አንድ ንጹሕ ሰው ባልሠራው ጥፋት ላይ እንዲፈርም ወረቀት አዘጋጅቼ መጥቻለሁ። ዕርቅ መልካም ነገር ነው፤ ዳሩ ግን እውነቱ ሳይመረመር የሚደረግ ዕርቅ በንጹሑ ትከሻ ላይ የሚጫን ሸክም ነው። ወረቀቱን አጥፌ ከኪሴ ከተትሁና «እንግዲያስ አቦይ፥ ዘንጉ ለምን ረዘመ? ያስረዱኝ» አልኋቸው።

እጄን ይዘው ወደ መኪናዪቱ ወሰዱኝ። ከኮፈኑ አፍንጫ እስከ ጣራው ድረስ በአካሉ መካከል ቀጭን ሲባጎ ወጠሩ። ከሲባጎው እስከ ግራው የመስተዋት ምሰሶ፥ ከሲባጎውም እስከ ቀኙ ምሰሶ በሜትር አስለኩኝ። የግራው በለጠ። የመስተዋቱ ክፍት ስፍራ ራሱ ወደ ግራ ሰፍቷል። ከዚያም አሮጌው ዘንግ ያረፈበትን የጠርዝ አሻራ በጣቴ እንድዳስስ አደረጉኝ። ዘንጉ የረዘመው መኪናዪቱ ስለ ረዘመች ነው፤ ቀሚስ በባለቤቱ ልክ እንደሚሰፋ ማለት ነው።

«እንዴት በኢጣልያ አገር የተሠራ ዕቃ ይዛነፋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ሣቁና ሲሠራ ያዩትን ነገሩኝ። የእጅ ሥራ አውቶሞቢል እንዲህ ነው የሚሠራው። አስቀድሞ የመኪናው ቅርጽ ከእንጨት ይበጃል። ከዚያ የአሉሚኒየም ላሜራ ተቆርጦ አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ይጋደማል፤ በእንጨት መዶሻ እየተመታ ይጐደጕዳል፥ በተሽከርካሪ መዳመጫም ይለሰልሳል፤ እየተነሣም ከእንጨቱ ቅርጽ ጋራ ይስተያያል። የቱሪንግ ድርጅት ሠራተኞች ይህን ቆዳ መሰል ላሜራ ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በተሠራ አጥንት ላይ ያለብሱት ነበር። ይህም አሠራር ሱፐርሌጄራ ይባላል፤ በአማርኛ «እጅግ ቀላል» እንደ ማለት ነው። ፌሊቼ ቢያንኪ አንደርሎኒ በ1926 ያቋቋመው ይህ ድርጅት በ1930ዎቹ ያወጣው ዘዴ ሲሆን፥ ኋላም የእንግሊዙ አስተን ማርቲን ፈቃድ እየከፈለ ሠርቶበታል።

እንግዲህ የግራውን ጎን አንድ ቀጥቃጭ፥ የቀኙን ሌላ ቀጥቃጭ ቢይዘው፥ የሁለት ሰው ክንድ አንድ አይሆንም። ያው አንዱ ሰው ሁለቱንም ቢሠራ እንኳ የጧት እጅና የማታ እጅ ይለያያል። በብየዳ ጊዜም ሙቀቱ ላሜራውን ይስበዋል። ጥቂት ሚሊሜትር እዚህ፥ ጥቂት ሚሊሜትር እዚያ እያለ ይጠራቀማል። በመስተዋቱ ዙሪያ ያለው ወፍራም የጎማ ማሸጊያ ልዩነቱን ስለሚውጠው የሚቀመጥበት ሰው አይታወቀውም። አምስቱ ጣቶች እኩል አይደሉም፤ እጅ ግን እጅ ነው።

የጌጡ ክፍሎች የሚሠሩት መጨረሻ ላይ ነው። ዘንጉ ከነሐስ ይቆረጣል፥ በዚያው መኪና ጠርዝ ላይ እየተለካ ይታጠፋል፥ በሞረድ ይሞረዳል፥ ደግሞ ይለካል። ልክ ከሆነ በኋላ ይነቀልና ለልባጥ ወደ ሌላ ሠራተኛ ይላካል። እዚያም ተወልውሎ በመዳብ፥ በኒኬል፥ በመጨረሻም በክሮም ይለበጣል። ልብ በሉ፤ ለልባጥ የሚሄደው የአንድ መኪና ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የብዙ መኪናዎች ዘንግ በአንድነት ይሄዳል። ተለብጦ ሲመለስ ሁሉም ይመሳሰላል፤ ሲገጠም ግን የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ከመላኩ በፊት በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ የመኪናው አካል ቍጥር ይጫርበታል ወይም በማኅተም ይመታበታል።

ይህን ጊዜ ልቤ ደነገጠ። «አቦይ፥» አልሁ፥ «ከቍጥሩ አጠገብ ያሉት ኤስና ዲ ምንድን ናቸው?»

አቦይ ምንም አልተናገሩም። ግራ እጃቸውን አነሡ፤ ዝቅ አድርገው ቀኝ እጃቸውን አነሡ።

ሲኒስትራ፥ ዴስትራ! በኢጣልያንኛ ግራና ቀኝ ማለት ነው። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ኢጣልያዊ መምህር በሰልፍ ሲያስኬዱን በየጧቱ የሚጮኹት ይህንኑ ነበር። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ቤት ገብቶ ስላገኘሁት ሳላውቀው አለፍሁት። ፊደሉን የጻፈው እጅ በምን ቋንቋ እንደ ጻፈ ሳልጠይቅ፥ እኔ በያዝሁት ቋንቋ አነበብሁት። ግራ የገባኝ በእርግጥም ግራ ነበር።

በማግስቱ ነጋዴውን ወደ ካትዌ ይዤው መጣሁ። እንዲያምነኝ አልለመንሁትም፤ ካቻቢቴውን በእጁ ሰጠሁት። የግራውን በር የጌጥ ክፍል ራሱ ፈታው፤ ገለበጠው፤ ያው ቍጥርና ኤስ አለበት። የቀኙን በር ፈታ፤ ያው ቍጥርና ዲ አለበት። ከኮፈኑ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ያለውን ማኅተም በጨርቅ ወለወለ፤ ቍጥሩ አንድ ነው። ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ሰው ነቅሏቸው የማያውቁ ክፍሎች ሁሉ በግራ ኤስ፥ በቀኝ ዲ ይዘው ተገኙ። መኪና በሙሉ ግራ ጎኑ «ስፔር»፥ ቀኝ ጎኑ «ዱፕሊኬት» ሊሆን አይችልም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ሆነ።

ነጋዴው ካቻቢቴውን አስቀመጠና ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በኋላም አዲሶቹን ዘንጎች አምጥቶ በመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ለካቸው። በቀኝ በኩል ተስማሙ፤ በግራ በኩል ግን 11 ሚሊሜትር ያህል ባዶ ስፍራ ቀረ። ያ ባዶ ስፍራ ከማናችንም ይልቅ ለሽማግሌው መሰከረላቸው። እርሱም ጐንበስ ብሎ «ሙዜ፥ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። ከእርሱ ቀጥሎ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ የእኔ በደል ከእርሱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁና። እርሱ የአባቱ ነገር አቃጥሎት ቸኰለ፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ፥ አስቤ፥ በጥሩ ቀለም ጻፍሁት።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ባነበብሁ ቍጥር የመኪናዪቱ ጠባይ የእርሷ ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ። ፌራሪ ከ1962 እስከ 1964 ድረስ ካወጣቸው 36 ያህል 250 ጂቲኦ መኪናዎች መካከል፥ አካላቸው በሞዴና በስካሊዬቲ ወርክሾፕ በእጅ የተቀጠቀጠ በመሆኑ፥ ሁለቱ በሁሉም ነገር ፍጹም አንድ ናቸው አይባልም። በፋብሪካ በብዛት በተሠሩትም ቢሆን ለውጥ አለ። በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ ታይፕ በመጀመሪያዎቹ 500 ያህል መኪናዎች የኮፈኑ መቈለፊያ ከውጭ በኩል በመሣሪያ የሚከፈት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን መቈለፊያው ወደ ውስጥ ገባ። ዛሬ አንድ ሰው ከእነዚያ ከመጀመሪያዎቹ አንዱን ይዞ «ይህ ትክክለኛ አይደለም» ብሎ በኋለኛው ዓይነት ቢለውጠው፥ አስተካከልሁ ሲል አበላሸ ማለት ነው።

ዕቃ ሁሉ እኩል መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። በ1908 በእንግሊዝ አገር በብሩክላንድስ ሦስት የአሜሪካ ካዲላክ መኪናዎች እስከ መጨረሻ ብሎናቸው ተፈታቱ፤ ዕቃቸው ተደባለቀ፤ ከዚያም ከድብልቁ ሦስት መኪናዎች ተገጣጥመው 500 ማይል ተነዱ። የአንዱ ዕቃ ለሌላው መሆኑ ያን ጊዜ ሽልማት የሚያሰጥ ድንቅ ነገር ነበር። በ1913 ደግሞ ፎርድ መኪናውን በሚንቀሳቀስ መሥመር ላይ መገጣጠም ጀመረ። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አውቶሞቢል እየነዳ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ወደ አዲስ አበባ የደረሰውም ያው 1908 ሊጠባ ሲል፥ ወይም እንደ ጠባ ነው። ስለዚህ አውቶሞቢል ወደ እኛ በመጣበት ወራት በዓለም ላይ ገና ሁለት ዓይነት እውነት ጐን ለጐን ይኖር ነበር፤ አንዱ የፋብሪካ እውነት፥ ሌላው የእጅ እውነት።

የፋብሪካን እውነት የሚንቅ ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ፍሬን ወይም ኩሽኔታ ስንገዛ እንደ ልኩ ባይሆን ሕይወታችን ይጠፋል። ዳሩ ግን በአንዱ ሚዛን ሌላውን መመዘን በደል ነው። የእጅ ሥራ ሲመረመር የሚጠየቀው «ከመጽሐፉ ጋራ ይስማማል ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ከገላው ጋራ ይስማማል ወይ?» ተብሎ ነው። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ገዝቶ ለአገልግሎት የሚያበቃ የእኛ አገር ባለሙያ ይህን ያውቃል። በካምፓላም የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በ2011 ኪራ ኢቪ የተባለችውን ባለሁለት መቀመጫ የኤሌክትሪክ መኪና ለሙከራ ሲሠሩ፥ ይህን በእጃቸው የተማሩት ይመስለኛል።

ለአማርኛ ተማሪ ደግሞ ከዚህ ሌላ ትምህርት አለ። በጋራዥ የምንናገራቸው ቃላት ብዙዎቹ የመጡት ከዚያው ከአቦይ መምህር አገር ነው። ላሜራ፥ ኮፈን፥ ፍሬን፥ ካቻቢቴ፥ ኩሽኔታ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተገኙ ናቸው። ፓራውልት የምንለው ፓራውርቲ ከሚለው ነው፤ ግጭትን የሚከላከል ማለት ነው። ሞተሩን የሚለኩሰውን ዕቃ ካንዴላ እንለዋለን፤ ቃሉ በአገሩ ሻማ ማለት ነው። እነዚህ ቃላት በመዝገበ ቃላት ሲፈለጉ አንዳንዴ አይገኙም፤ ወይም ተጣመው የተጻፉ ይመስላሉ። አልተጣመሙም፤ በአፋችን ልክ ተሞርደው የተገጠሙ ናቸው። የውጭውን አጻጻፍ ይዞ «ስሕተት ነው» የሚል ሰው፥ በአዲሱ ዘንግ አሮጌውን የከሰሰውን የኪኩቦ ነጋዴ ያስታውሰኛል። የዕርቅ ወረቀቱን የጻፈውንም ሰው ያስታውሰኛል።

ከካምፓላ ከመነሣቴ በፊት አቦይን ልሰናበት ሄድሁ። አሮጌዎቹ ዘንጎች ተወልውለው ተገጥመው ነበር። በጣም እንዳይወለወሉ ተጠንቅቀዋል፤ በተወለወሉ ቍጥር ጠርዛቸው እየዶለዶመ፥ ነሐሱም እየሳሳ ይሄዳልና። ጥቂት ጭረት ቀርቶባቸዋል፤ ነጋዴው ግን ጭረቱን በጣቱ እየዳሰሰ «ይህን ያውቀዋል፤ አባቴ ነው» አለኝ። የጐደለች አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ ሁለቱ ዘንጎች የሚገናኙበትን ስፍራ የምትሸፍነው ትንሽ ክዳን ከብዙ ዓመት በፊት ጠፍታለች። አቦይ ከነሐስ ቍራጭ አዲስ ሠሩላት። ገጥመው ሳይጨርሱ ጀርባዋን አሳዩኝ። በአካሉ ቍጥር ፈንታ በግእዝ ፊደል «ካምፓላ» የሚል ቃልና ዓመተ ምሕረቱ ተጭሮባታል።

ነጋዴው አየና «ሙዜ፥ ይህ ከውስጥ ይቀመጣል፤ ማን ያየዋል?» አለ።

እኔ ወደ አማርኛ ሳይሆን ወደ ትግርኛ መለስሁላቸው። አቦይም ክዳኗን በስፍራዋ እያሳረፉ እንዲህ አሉ፤ «የሚነቅላት ሰው ያያታል። ያን ጊዜ እኔ አልኖርም፤ ሌባ ተብሎ የሚከሰስ ሌላ ሠራተኛ ግን ይኖራል።»

ብሎኗንም አጠበቁ።